ለሰልስቱ የመጣው ዓሣ

ይህን ጽሑፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት አላውቅም። አንድ አንቀጽ እጽፍና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። ሰንብቼ አውጥቼ ሳነበው እፍረቱ እንደ አዲስ ፊቴን ያቃጥለኛል። ኀዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር፤ ባል የሞተባት ሴት እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። የምጽፈው በባለቤቴ ሰልስት፣ በገዛ ቤቴ፣ ለቀስተኛ ፊት ስላደረግኩት ነገር ነው።

በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስሜ የሺመቤት ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ አማርኛ አስተምር ነበር። እዚህ ስቶክሆልም ግን ሃግሴትራ አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞርኩ እረዳለሁ፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት አቀብላለሁ። የምንኖረው በከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ባቡሩ ከዚያ ወዲያ በማይሄድበት፣ አካላ በሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቴ ሰይፉ አገር ቤት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲያጠና የኖረ የባዮሎጂ ሰው ነበር። እዚህ መጥቶ ብዙ ዓመት ታክሲ ከነዳ በኋላ በሙያው ሥራ ሲያገኝ እልል ብያለሁ፤ ሥራው የት እንደሆነ እስኪነግረኝ ድረስ። ከስቶክሆልም በስተሰሜን፣ ባሕር ዳር ያለ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነበር።

«እዚያ ገብተህ ምን ልትሠራ?» አልኩት።

«ዓሣ ልቆጥር» አለኝ እየሳቀ።

እውነቱን ነበር። ማመንጫው ራሱን ለማቀዝቀዝ ከባሕር ውሃ ይስባል፤ ውሃው ሞቆ ተመልሶ ባሕር ይገባል። የሰይፉ ሥራ ይህ ነገር በባሕሩ ፍጥረት ላይ የሚያደርሰውን መከታተል፣ ዓሣውንና የባሕሩን ሣር እየሰበሰበ ጨረር እንዳለበትና እንደሌለበት መለካት ነበር። ይህን በደንብ ያወቅኩት አሁን ነው። ያኔ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው «ጨረር» የምትለው ቃል ብቻ ነበረች።

ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ይሰነብታል። ቀድሞ አለቃው የነበሩት፣ ኋላ ጡረታ የወጡት ቤርቲል የሚባሉ ሽማግሌ ቤታቸው ውስጥ አንድ ክፍል አከራይተውት ነበር። ዓርብ ማታ ሲመጣ ልብሱን ለብቻው አጥባለሁ። አንድም ቀን ሥራውን ልይ ብዬ ሄጄ አላውቅም። ልጃችን ሐና ትንሽ ሳለች ለእረፍት ይወስዳት ነበር፤ ከፍ ስትል ግን «ልጄን ጨረር አታስበላብኝ» ብዬ አስቀረሁ። ምንም አልመለሰልኝም። ሰይፉ ዝም ሲል የተስማማ ይመስለኝ ነበር።

በመጸው ሆዱን አመመው። የጉበት ካንሰር ነው አሉን፤ በረዶው ሳይቀልጥ ሞተ። ሐኪሟን «ከሥራው ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ከምን እንደመጣ ልነግርሽ አልችልም፤ ከሥራው ነው የሚያሰኝ ነገር ግን አላየንም» አለችኝ።

እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

እዚህ አገር ሬሳ ቶሎ አይቀበርም። ብዙ ቀን ጠብቀን፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ቀበርነው። በሰልስቱ ቤታችን ሰው ሞላ። ወንበር ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ወጥ ቤቱን የያዙት እትዬ አስካለ ናቸው፤ በማኅበራችን ሞት በገባበት ቤት ሁሉ ማማሰያ የሚጨብጡት እሳቸው ናቸው፤ ማንም ሳይሾማቸው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ተሰናድቷል። ሐና ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። ለቀስተኛው ያናግራታል፣ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች።

እኩለ ቀን ላይ ቤርቲል መጡ። ሰባዎቹን ያለፉ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለና በሲባጎ የታሰረ ነገር ታቅፈዋል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና በስዊድንኛ፣

«ኬክ ልገዛ ነበር» አሉኝ። «ከዚያ ጾም መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ኬክ ቅቤ አለው። ሰይፉ በጾም ዓሣ እንደሚበላ ነግሮኛል። ስለዚህ ዓሣ አመጣሁ፤ በጭስ የበሰለ። ይሄ ዓሣ...»

አልጨረሱም። እትዬ አስካለ ከየት እንደደረሱ እንጃ፣ እጅ ነሥተው ጥቅሉን ከእቅፋቸው ተቀበሉና ሽማግሌውን በትከሻቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ በዓይናቸው ጠሩኝ።

ወጥ ቤት ገባሁ። ጥቅሉን በሁለት ጣት ይዘውታል።

«ይሄ ከዚያ ነው?»

«ከየት?»

«ከባልሽ መሥሪያ ቤት ነዋ! ከዚያ ከጉድ!»

«ይመስለኛል።»

«በስመ አብ!» አሉ አፋቸውን ይዘው። «ባልሽን የበላው አንሶት ለቀስተኛውን ሊጨርስ መጣ? ሰው ይሄን ይዞ ሰልስት ይመጣል? እኔ እዚህ ማዕድ ላይ አላቀርበውም፣ የሺ፤ የሰው ነፍስ አለብኝ። ምን ላድርገው?»

በሩ ክፍት ስለነበር ቤርቲል ይታዩኛል። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰይፉን ፎቶ ያያሉ።

«ያውጡት» አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እትዬ አስካለ ጥቅሉን የሽንኩርት ልጣጭና የወረቀት ሳሕን የሞላበት ከረጢት ውስጥ ከተው አሰሩትና ከውጭ በር አጠገብ አኖሩት።

ወደ ሳሎን ስመለስ ወሬው ቀድሞኛል። ከቤርቲል አጠገብ ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ሆነዋል፤ ተቀምጠውባቸው የነበሩት ሴቶች «ሙቀት በዛ» ብለው መስኮት ሥር ሄደዋል። መስኮት ሥር የቤቱ ማሞቂያ ነው ያለው። ያኔ ለቅሶ ቤት ሰው በማጫወት የታወቁት ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዓሣው ምን አለው? ጨለማ ውስጥ ያበራል አሉ እኮ! አስካለ፣ አትጣዪው እንጂ፤ የኮሪደሩ አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል።»

አንድ ሰው ሣቁን አፈነ፣ ሌላውን አመለጠው፣ ቤቱ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ባለቤቴን አፈር ባለበስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሣቅሁ። ቤርቲል አማርኛ አያውቁም። ሲሣቅ አይተው ዞር አሉ፤ ስለ ሰይፉ የሚነገር ጨዋታ መስሏቸው እሳቸውም አብረውን ፈገግ አሉ። ወደ ሐና ጠጋ ብለው፣

«ምን አሉ?» ብለው ጠየቋት።

ሐና አየችኝ። እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

«ስለ አባባ ነው» አለቻቸው።

ምሳ ቀረበ። ሳሕን በመጣ ቁጥር ሽማግሌው ቀና ይሉና ያያሉ። ሽሮው መጣ፤ ቀና አሉ። ምስሩ መጣ፤ ቀና አሉ። ጎመኑ መጣ፣ ቆስጣው መጣ። ለምን እንዲያ እንደሚያዩ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ርቧቸዋል ብዬ ጨመርኩላቸው። ደጋግመው አመሰገኑኝ።

ተበልቶ ሲያበቃ ተሰናበቱ። በሩ አጠገብ የተደረደሩትን ከረጢቶች ሲያዩ ግን ዝም ብለው አላለፉም፤ እንግዳም ቢሆን ባዶ እጁን አይወርድም ብለው መሰለኝ ሁለቱን አነሡ። ሐና የቀሩትን ይዛ ተከተለቻቸው። ላስቆማቸው ይገባኝ ነበር። «ይተዉት» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ግን እጄን የያዘች ሴት ታለቅስ ነበርና እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

የሆነውን ኋላ ሐና ነገረችኝ። እዚህ አገር ምግቡ ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ ነው የሚጣለው። እትዬ አስካለ ግን ለቅሶ ቤት ያ ሁሉ መለየት አይሆንላቸውም፤ አንድ ላይ አጭቀው ያስሩታል። ቤርቲል ምድር ቤት ባለው የቆሻሻ ክፍል ውስጥ ከረጢቱን ፈትተው ሊለዩት ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ የሽንኩርት ልጣጩ ወጣ። ቀጥሎ ሲባጎው። ራሳቸው ያሰሩት ቋጠሮ አልተፈታም። ሐና እንዳለችው ልጣጩን ከላዩ ላይ አንድ በአንድ ለቀሙና ጥቅሉን በመሐረባቸው ጠረጉት። ያን ጊዜ ነው ሐና ቀልዱን ከነሣቁ የነገረቻቸው። «ሁለት ጊዜ ልዋሻቸው አልቻልኩም» አለችኝ።

እኔ ያየሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የወጥ ቤታችን መስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው ያያል። ሳሕን ላስቀምጥ ገብቼ ቀና ስል ቤርቲል ጥቅሉን ሲመጡ እንደነበረው ታቅፈው በበረዶው ላይ ቀስ እያሉ ሲራመዱ አየኋቸው። የኋላውን በር ከፍተው ጥቅሉን ወንበር ላይ አስቀመጡ። ከበስተኋላቸው ልጄ ካፖርት ሳትለብስ ወጣች፤ የፊቱን በር ከፍታ ገባች፣ መኪናው ሄደ።

ወዲያው ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፤ በስዊድንኛ። «ቤርቲል ጋ ነኝ። አትደውዪ። እዚያ ቤት አልመለስም።»

«ልጅቷስ?» አለ ለቀስተኛው። «በአባቷ ሰልስት!» አሉ። እኔ ከሰይፉ ፎቶ ሥር ተቀመጥኩ። ባሌን ካንሰር ወሰደብኝ፤ ልጄን ግን አሳልፌ የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። ሐናን አውቃታለሁ። ቁርጥ አባቷን ናት፤ አትጮህም፣ አትሳደብም፣ ከሄደች ግን የሄደች ናት።

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቴን ስለብስ፣ እኛው ጋ ያደሩት እትዬ አስካለ መንገድ ዘጉብኝ።

«ወዴት ነው?»

«ልጄን ላመጣ።»

«ኀዘንተኛ ከቤት ይወጣል? ሰው ምን ይላል? እኔ ሄጄ በጆሮዋ ጎትቼ አመጣታለሁ።»

«እርስዎ ሄደው አይሆንም፣ እትዬ። ያውጡት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እኔስ ለአንቺ ብዬ አይደል?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ለራሴ ብዬ ነው? ባልሽ ሲሞት አላየሁም?»

«አውቃለሁ» አልኩ። እውነትም አውቃለሁ። እትዬ አስካለ ክፉ ሰው አይደሉም። ከዚያ የራሳቸውን ወፍራም የአንገት ልብስ አምጥተው አንገቴ ላይ ጠመጠሙልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ውሃ ከተቱ።

«ልጅቷን አትቆጫት» አሉኝ በጆሮዬ። «እዚያ ደግሞ ውሃ እንዳትቀምሺ።»

ጠርሙሱን አላወጣሁትም። ይህንንም ልንገራችሁ፤ አላወጣሁትም።

ከአካላ በምድር ውስጥ ባቡር መሃል ከተማ፣ ከዚያ በባቡር ኡፕሳላ፣ ከኡፕሳላ በአውቶቡስ። ሰይፉ ያን ሁሉ ዓመት በየሳምንቱ የተመላለሰበት መንገድ ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ጫካና በረዶ ብቻ ነው የሚታየው። ለሐና እየመጣሁ መሆኔን ጽፌላት ነበር፤ መልስ የለም። ስወርድ ግን ቤርቲል መኪናቸውን አቁመው ቆመዋል፤ ብቻቸውን።

«ሐና ተቆጥታለች» አሉኝ ሞተሩን እያስነሡ።

«እርስዎስ?»

«እኔ አርጅቻለሁ» አሉ። «ሲቆጡ መዋል ይደክመኛል።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ ያዘጋጀሁት የስዊድንኛ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጠፋኝ። እሳቸውም አልጠበቁኝም። «ቤት ከመግባታችን በፊት አንድ ቦታ ላሳይሽ» ብለው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ታጠፉ።

ባሕሩ እስከ አድማስ በረዶ ነበር፤ ነጭ፣ ዝም ያለ። ከማመንጫው ውሃው በሚወጣበት በኩል ግን በረዶው ተከፍቶ ጥቁር ውሃ ይታያል። ከላዩ እንፋሎት ይነሣል። በዚያ ሁሉ ብርድ ዳክዬዎች ተሰብስበው ይንሳፈፋሉ።

«ያምራል» አልኩ ሳላስበው።

«ያምራል። ሰይፉ ግን ሰው ያምራል ሲል ይናደድ ነበር» አሉ ቤርቲል። «እዚህ ሙቀቱ ውስጥ ያለ ዓሣ በፍጥነት ያድጋል፣ ያለጊዜው ይራባል፣ ቶሎ ያረጃል። እዚያ ማዶ ደግሞ ውሃው የሚሳብበት ነው። ዓሣው አብሮ ይሳብና ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ቆሞ የሞቱትን በየዓይነታቸው ይቆጥር ነበር፤ እንደ ጥፍር የሚያንሱትን እንኳ አይዘልም። ‹ዓሣ አቤት አይልም፤ አቤት የሚልለት ሰው ያስፈልገዋል› ይለኝ ነበር።»

«ጨረሩስ?»

«እሱንም ይለካ ነበር። እስካሁን በለካነው ውስጥ የሚያስደነግጥ አላገኘንም። የተቃጠለው ነዳጅ ግን የልጅ ልጆቻችን ቋንቋችንን ከረሱት በኋላም ጠባቂ ይፈልጋል። ጉዳት የለውም ብዬ አልዋሽሽም። ሰይፉም አይዋሽም ነበር።»

ባሌ ይህንኑ ዓርብ ማታ እራት ላይ ሊነግረኝ ይጀምር ነበር። «ተው በእግዚአብሔር፣ ምግብ ላይ!» እለው ነበር። ይተወዋል።

የቤርቲል ቤት ቀይ የእንጨት ቤት ነው። በሩን እንዳለፍን ካለው ማንጠልጠያ ላይ አንድ ሹራብ ተሰቅሏል፤ ግራጫ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ። አይቼው አላውቅም፤ የማን እንደሆነ ግን ትከሻው ነገረኝ።

«የሰይፉ ነው» አሉ። «ዓርብ ዓርብ እዚህ ነበር የሚቀይረው። ገላውን ይታጠብና ንጹሕ ልብስ ለብሶ አውቶቡሱን ይይዛል።»

«መሥሪያ ቤቱ ያስገድዳል?»

የመለሰችልኝ ሐና ናት። ለካ ከበስተኋላችን በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ማንም አያስገድደውም» አለች በስዊድንኛ። «ዓሣ ነው የሚሸተው እንጂ ሌላ ምንም የለውም። አንቺ እንዳትጨነቂ ብሎ ነው።»

እኔ ደግሞ ያንን ንጹሕ ልብስ ቤት ሲደርስ አስወልቄ ለብቻው አጥብ ነበር። ታጥቦ የመጣውን ልብስ። እሱም ቆሞ ያየኝ ነበር።

ወጥ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ቤርቲል ድንች ቀቅለዋል፤ ደረቅ ዳቦ አቅርበዋል። ከጎኑ ያለውን ቅባት አሳዩኝ፤ «ወተት የለበትም፤ አንብቤ ነው የገዛሁት» አሉኝ። እንባዬን ልጠርግ መሐረብ ለማውጣት ቦርሳዬን ስከፍት የእትዬ አስካለ ጠርሙስ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለና ሐና እግር ሥር ቆመ።

ሐና ጎንበስ ብላ አነሣችው። ጠርሙሱን አየች፤ ቀጥላ ቤርቲል ከቧንቧ ቀድተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡትን የውሃ ጆግ አየች።

«ውሃ ይዘሽ መጣሽ?» አለች። አልጮኸችም። «እማዬ፣ እሳቸው ቤት ውሃ ይዘሽ መጣሽ?»

ጠርሙሱን ጆጉ አጠገብ አቆመችው።

«የጣላችሁትን ዓሣ ማን እንዳጨሰው ታውቂያለሽ? አባባ ነው! ከመታመሙ በፊት፣ በበጋ፣ እዚህ ጓሮ። ‹የሺ አንድ ቀን ትቀምስልኛለች፤ ለጾም እወስድላታለሁ› ብሎ ፍሪዘር ውስጥ አኖረው። ቤርቲል ሲቀርብ ሊነግሩን ነበር። ቀርቦ ሲበላ ሊነግሩን ነበር የመጡት!»

እያንዳንዱ ሳሕን ሲመጣ ቀና ይሉ የነበረው ለዚያ ነው።

ምድጃው ላይ ያለው ድስት ብቻ ይንተከተካል። ተነሥቼ ልሂድ ብዬ አስቤያለሁ። ኡፕሳላ የሚሄደውን አውቶቡስ፣ ባቡሩን፣ ባዶውን ቤት አሰብኩ።

«ዓሣው የት አለ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ግድ የለሽም» አሉ ቤርቲል።

«ይስጡኝ፤ እለምንዎታለሁ።»

ከማቀዝቀዣው አወጡት። ቋጠሮውን ፈቱት። ወርቃማ ቡኒ ሆኗል፤ የጭሱ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሳሕን ላይ አድርገው ፊቴ አስቀመጡት። ሐና ክንዷን አጣጥፋ ግድግዳ ተደግፋ ታየኛለች።

እጄን ዘረጋሁ፤ ያን ጊዜ የማላዘው አፌ ተናገረ።

«ለክቶት ነበር?»

አንባቢዎቼ፣ የሟች ባሌን የእጅ ሥራ ፊቴ አስቀምጬ፣ ልጄ እያየችኝ፣ የጠየቅኩት ይህን ነው። ያውጡት ባልኩበት ቀን ብዙ ሰው ነበርን፤ እዚህ ግን ማንም አልገፋፋኝም። ሐና ዓይኗን ጨፈነች።

ቤርቲል አልተቆጡም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«የሚለካው ዓሣ ተፈጭቶ ነው የሚለካው፣ የሺ» አሉ። «የተለካ አይበላም። ይሄኛው አልተለካም። ይሄ ለመብላት ነው።»

ከዚያ ሹካቸውን አንሥተው ከሳሕኔ ጥግ ቆረጡና ራሳቸው ጎረሱ። አላዩኝም፤ ድንቻቸውን መላጥ ጀመሩ።

ጎረስኩ። ፍርሃቴ አለቀቀኝም፤ ለቆኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ከፍርሃቴ ጋር ነው የጎረስኩት። ጨው በዝቶበታል። ሰይፉ ሁልጊዜ ጨው ያበዛ ነበር፤ ወጥ በነካ ቁጥር የምንጣላው በዚህ ነው። ያ ጨው ምላሴ ላይ ሲደርስ በቀብሩ ዕለት ያልወጣልኝ ልቅሶ ወጣ። እያለቀስኩ ጎረስኩ፤ እንደገና ጎረስኩ። ምን እንደማኝክ አላይም ነበር።

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። አንድ እጅ የእጄን አንጓ ያዘ።

«እሾህ አለው» አለች ሐና። በአማርኛ ነበር። «ቀስ በይ፣ እማዬ። እሾህ አለው።»

ሳሕኑን ወደ ራሷ ሳበችና እሾሁን እየለቀመች ሥጋውን ወደ እኔ ትገፋልኝ ጀመር።

የዚያኑ ዕለት አብራኝ ተመለሰች። ይቅር ብላኝ አልነበረም፤ «አባባን ብቻውን ከእነሱ ጋር አልተወውም» ብላ ነው። ይቅርታዋ በኋላ፣ በቁርጥራጭ ነው የመጣው፤ አንዳንዱ ገና አልመጣም።

በአርባው ቤርቲልን ጠራሁ። ሰይፉ ካጨሰው ፍሪዘር ውስጥ የቀረ ነበርና ይዘውት መጡ፤ ማዕዱ መሃል ላይ እኔው ራሴ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቆሜ በሰልስቱ ያደረግኩትን ለሁሉም ነገርኩ። ሐና ለቤርቲል እየተረጎመች ነበር። ጋሽ መኮንን አንገታቸውን ደፉ። ቀጥለው ተነሥተው ከሽማግሌው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ «በይ ንገሪልኝ» አሏት ሐናን፤ «አንድ ባለጌ ሽማግሌ ነው፣ አፉ ከእጁ ይቀድማል በያቸው፤ እጁ ግን ይኸው ደርሷል» ብለው ከዓሣው ትልቁን ቆርሰው ጎረሱ። እትዬ አስካለ አልበሉም። «እኔ በዐቢይ ጾም ዓሣ ድሮም አልበላ፤ ነገሩን ከማመንጫው አታገናኙብኝ!» አሉ። ግን ለቤርቲል እሾሁን የለቀሙላቸው እሳቸው ናቸው። እስከ መጨረሻው ያልነኩም ነበሩ። አልተቀየምኳቸውም፤ በምን አፌ?

አሁን አዳዲስ ማመንጫ ይሠራ፣ አይሠራ የሚል ክርክር በየቴሌቪዥኑ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ፤ የባለቤቴን ሥራ ያውቃሉና «አንቺ ምን ትያለሽ? ጥሩ ነው መጥፎ?» ይሉኛል። ባሌን ገድሎት እንደሆነ የሚጠይቁኝም አሉ። አላውቅም። ሐኪሟም አላወቀችም። እኔ የማውቀው ባሕሩ ዳር ቆሞ የሞቱትን የሚቆጥር አንድ ሰው እንደነበረና ያ ሰው ዓርብ ዓርብ ቤቴ እየመጣ ሊነግረኝ ሲጀምር እንዳስቆምኩት ነው። እናንተም ቤታችሁ ሥራውን የምትፈሩለት ሰው ካለ፣ አንድ ቀን አብራችሁት አውቶቡሱን ያዙ። ፍርሃታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠርሙሳችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ግን እሱ እያለ ሂዱ። እኔ የሄድኩት እሱ ካለፈ በኋላ፣ በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ቤርቲል ሹራቡን ሰጡኝ። ላጥበው መታጠቢያ ቤት ድረስ ወስጄ ሳላጥበው መለስኩት። በራችን አጠገብ ካለው ማንጠልጠያ ላይ፣ ከእኔ ካፖርት ጋር በአንድ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጠዋት ሥራ ስሄድ ካፖርቴ ጭስና ዓሣ ይሸታል። ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አንዳንዴ ዞር ብሎ ያየኛል፤ አንዳንዴም ተነሥቶ ሌላ ወንበር ይፈልጋል።